ቋንቋ የሚባለውን ባንድ ሰምታችኋል? እሑድ ሌሊት በሬዲዮ ሙሉውን ላጫውተው ነው

ከላይ ያለውን ጥያቄ በኢንተርኔት የውይይት ክር ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ከሥሩ የመጡትን መልሶች ሰብስቦ ማስቀመጥም የእኔ ዕዳ ነው። ሠላሳ ሁለት መልስ መጥቷል። ቃል በቃል አልገለብጠውም። ማን ምን እንዳለና ነገሩ ወዴት እንደሄደ ግን ልንገራችሁ።

መነሻው እንዲህ ነው። ሐሙስ ማታ ከሥራ ወጥቼ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ደጃፍ መኪናዬን አቁሜ ያዘዝኩትን በያይነቱ እጠብቃለሁ። ጓደኛዬ የላከልኝን ሊንክ ከፈትኩት። መጀመሪያ ማሲንቆ ሰማሁ። ወዲያው ከማሲንቆው ሥር ደረት የሚነካ ወፍራም ድምፅ ገባ፤ ቤዝ ጊታር መሰለኝ። አይደለም፤ ክራር ነው፣ ቤዝ ክራር። ከበሮው ችክችካውን ይዞ ሲመጣ የመኪናዬ በር ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ መንዘር ጀመረ። አስተናጋጇ ፌስታሉን ይዛ መስኮቱን ስታንኳኳ እጄን አንስቼ ትንሽ ጠብቂኝ አልኳት። ሳያልቅ አልወረድኩም።

ባንዱ ቋንቋ ይባላል፤ የተመሠረተው አዲስ አበባ ነው። እንድሪስ ሐሰን ማሲንቆ፣ ቡቡ ተክለማርያም ቤዝ ክራር፣ ምሳሌ ለገሰ ከበሮ፣ ኬት ሆስተተር ቫዮሊን፣ ድምጻዊቷ ሰላምነሽ ዘመነ። ሦስተኛ አልበማቸው በ2020 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። እኔ ግን እስከዚያ ሐሙስ ድረስ ስማቸውን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ ጻፍኩ። በአንዲት አነስተኛ ገለልተኛ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ፣ ያለ ደመወዝ፣ እሑድ ከሌሊቱ 6 እስከ 8 ሰዓት ሙዚቃ እንደማቀርብ ተናገርኩ። ጣቢያዋ ማስታወቂያ የላትም፤ የምትኖረው አድማጭ በሚያዋጣው ነው። ስለዚህ ረጅሙን ሙዚቃ ሳልቆርጥ ላጫውተው እችላለሁ። አንድ ነገርም አስረግጬ ጻፍኩ፦ የእኛ ሬዲዮ የዘፋኙን ስም ይጠራል፣ ክራር ደርዳሪውን፣ ማሲንቆ መቺውን፣ ከበሮ መቺውን ግን አይጠራም፤ አዲስ ባንድ እንደ ባንድ ሳይታወቅ የሚቀረው በዚህ ነው። ከእንግዲህ የሁሉንም ስም ከሙዚቃው በፊትም በኋላም እጠራለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ምን ይመስላችኋል ብዬ ጨረስኩ።

የመጀመሪያዋ መላሽ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምትኖር እህት ናት። የሦስት ወር ሕፃን ስላላት በዚያ ሰዓት ነቅታ እንደምታጠባ፣ አብራኝ እንደምታመሽ ጽፋ እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለች። 2ኛው 6 ሰዓት ያልኩት በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በሐበሻ፣ ማለትም እኩለ ሌሊት ነው ብዬ በ3ኛው መለስኩ። 4ኛው ዉድብሪጅ የሚኖር ሰው ጣቢያውን ፈልጎ እንዳጣው፣ ምናልባት አንቴናው ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቀ። በ5ኛው አስረዳሁት፦ ጣቢያችን አነስተኛ ኃይል ተብሎ ፈቃድ ከሚሰጣቸው አንዷ ናት። የእነዚህ ጣቢያዎች ጣሪያ 100 ዋት ነው፤ ከማሰራጫው ከአምስት ስድስት ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ከዚያ ውጪ ያለ ሰው በኢንተርኔት ነው የሚሰማን።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። 6ኛው መልስ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ጸሐፊው ቆጣ ብሎ ነው የጀመረው። ይህ ባንድ አዲስ አይደለም አለ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። እርሱ ራሱ ካዛንቺስ ፈንድቃ የተባለው የሙዚቃ ቤት ውስጥ፣ ከመድረኩ ሁለት ክንድ ርቆ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሰምቷቸዋል። ውጭ የምትኖሩ ሰዎች አንድ ነገር እናንተ የሰማችሁት ዕለት የተወለደ ይመስላችኋል ብሎ ወቀሰኝ። 7ኛው ደግሞ ይህንኑ ደግፎ ከዚያ የባሰ ቃል ጨመረበት፤ አልደግመውም።

በ8ኛው አመንኩ። አዲስ ያልኩት ለእኔና ለአድማጮቼ ነው፤ ባንዱ ግን ከእኔ ጆሮ በፊት ብዙ ዓመት ሠርቷል። የርዕሱን ቃል ለማስተካከል ፈልጌ ነበር፤ በኋላ ይቆይ፣ የእርሱ እርማት ከሥሩ ይታይ ብዬ ተውኩት።

9ኛው መላሽ ነገሩን አበረደው። ለዓመታት ዳላስ አየር ማረፊያ ታክሲ ይነዳ የነበረ ሰው ነው፤ ቴክሳስ ያለችውን ሳይሆን እዚህ ቨርጂኒያ ያለውን ዳላስ ማለቱ ነው። የኃይሉ መርጊያን ታሪክ አነሳ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ በ1981 እ.ኤ.አ. ከባንዱ ጋር ለሥራ ወደ አሜሪካ መጥቶ እዚሁ ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑንና ኪቦርዱን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያም ዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ኪቦርዱን የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያስቀምጥና ተራ እስኪደርሰው ይለማመድ ነበር። የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስብ አንድ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። መላሹ እርሱ በቆመበት የታክሲ ሰልፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ያወቀው ካሴቱ ዳግም ከወጣ በኋላ መሆኑን ጽፎ፣ አሁንም ሲያስበው እንደሚቆጨው ተናገረ።

10ኛዋ ጠንከር አለች። ታሪኩ ያማረው ፈረንጅ ስላገኘው ነው፤ እኛ የራሳችንን ሰው የምንሰማው ሌላው ካጨበጨበለት በኋላ ነው አለች። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ሬዲዮዎቻችን የት ነበሩ ብላ ጠየቀች።

ለዚህ ጥያቄ 11ኛዋ የሰጠችው መልስ ከሁሉም በላይ በውስጤ ቀርቷል። ዕድሜዋን አልተናገረችም፤ አነጋገሯ ግን አዲስ አበባ በካሴት ዘመን ያደገች ሰው ነው። ሬዲዮዎቻችን የትም አልነበሩም፣ ያንኑ ሙዚቃ ሲያጫውቱ ነበር አለች። ግን እንዴት? ያለ ድምጻዊ የተሠራ ሙዚቃ ለዜና መግቢያ ይሆናል፤ የሰዓት መሙያ ይሆናል፤ የሙት ዓመት መታሰቢያ ሲነበብ፣ የጠፋ ሰው ሲፈለግ፣ የሳሙና ማስታወቂያ ሲነገር ከሥር ዝቅ ተደርጎ ይለቀቃል። እናቷ እንጀራ ስትጋግር፣ ምጣዱ ላይ አክንባሎ ስትከድን፣ ያ ዜማ ከሬዲዮው ይወጣ እንደነበር አስታወሰች። ዜማውን እስከ ዛሬ በአፏ ታወጣዋለች። የማን እንደሆነ ግን ያወቀችው በአርባ ዓመቷ ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ስሙ አልተጠራም።

ይህን ሳነብ ሥራ ላይ ነበርኩ። ተነስቼ ወጥቼ መጣሁ። እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልኩትን እርሷ በአንድ ምጣድ አሳየችኝ። ሁላችንም ሙዚቃውን እናውቀዋለን፤ ሰዎቹን አናውቃቸውም።

12ኛው ጋሼ ብለን የምንጠራቸው አዛውንት ናቸው፤ ብዙ ጊዜ አይጽፉም፣ ሲጽፉ ግን ረጅም ነው። ስለ ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ጻፉ። የሉተራን ቤተ ክርስቲያናት የዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው፣ ከ1963 እ.ኤ.አ. እስከ ደርግ እስከወረሰው 1977 ድረስ ከአዲስ አበባ ያሰራጭ የነበረ ጣቢያ ነው። በልጅነታቸው አባታቸው በትልቅ ባትሪ የሚሠራ ፊሊፕስ ሬዲዮ እንደነበራቸው፣ ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጡት እንደነበር አጫወቱን። ከዚያ ወዲያ ክሩ ከእጄ ወጣ። 13ኛው የባትሪ ነገር እውነት እንደሆነ መሰከረ፣ 14ኛው አያቱ ሬዲዮውን በጥልፍ ጨርቅ ሸፍነው ይቆልፉበት እንደነበር ነገረን፣ 15ኛው የጥልፉ ፎቶ ካለ እንዲለጠፍለት ጠየቀ። ማንንም አልከለከልኩም። ጋሼ ደስ ብሏቸው ነበር።

16ኛው ወጣት ወደ ጉዳዩ መለሰን። ገለልተኛ ሬዲዮ የምትሉት ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የመንግሥት አይደለም፣ ታዲያ እርሱም ገለልተኛ ነው? ከኦክላንድ የጻፈችው 17ኛዋ በትዕግሥት ለየችው። ሸገር የግል ነው፣ በማስታወቂያ ይተዳደራል፤ ለአዲስ አበባ ሬዲዮም ብዙ ያደረገ ጣቢያ ነው። የእኔዋ ጣቢያ ያለችበት ወገን ግን ሌላ ነው፤ ወጪውን አድማጩ ራሱ የሚሸፍነው። በአሜሪካ የዚህ መንገድ ከፋች በ1949 እ.ኤ.አ. በርክሌይ ላይ ሥርጭት የጀመረው ኬፒኤፍኤ የተባለው ጣቢያ ነው። እዚሁ ዋሽንግተን በ89.3 የሚሰማው ደብሊውፒኤፍደብሊው የዚያው ቤተሰብ ነው፤ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጃዝ ያሰማል። ኒው ጀርሲ ያለው ደብሊውኤፍኤምዩም በየዓመቱ አድማጮቹን ለምኖ ነው የሚኖረው። ልዩነቱ በሰዓቱ ላይ ይታያል አለች፦ ማስታወቂያ የሚሸጥ ጣቢያ አሥራ አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ሙዚቃ ሲያጫውት ሊሸጠው የሚችለውን ጊዜ ነው የሚሰጠው። 18ኛው ልክ ነሽ ብቻ ብሎ አለፈ።

እሑድ ደረሰ። ስቱዲዮው አንድ ጠባብ ክፍል ነው፣ መስኮት የለውም። ማይኩን ወደ አፌ ሳብኩ፣ ባንዱን አስተዋወቅሁ፣ የመጀመሪያውን ሙዚቃ ለቀቅሁ፤ አልቆረጥኩትም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ቋንቋን ሦስት ጊዜ አጫወትኩ። ወደ ቤቴ ስመለስ ቃሌን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት 19ኛው መልስ ከዚያችው የአሌክሳንድሪያ እናት ነበር። ልጇ ከበሮውን ሲሰማ መጥባቱን አቁሞ ዓይኑን እንዳፈጠጠ ነገረችን።

20ኛው ግን ራሴን እንድመረምር አደረገኝ። ጸሐፊው ፍራንክፈርት የሚኖር የክራር አስተማሪ ነው። ሙሉውን በኢንተርኔት አዳምጦ፣ ሰዓት ይዞ ነው የጻፈው። ስለ ቫዮሊን ተጫዋቿ ስለ ኬት ከሁለት ደቂቃ በላይ ተናግሬያለሁ፦ ከቦስተን ደቦ ባንድ መምጣቷን፣ አዲስ አበባ ሄዳ ለዓመታት መኖሯን፣ ባንዱን ማቋቋሟን። የቀሩትን አራት ሰዎች ስም በአንድ ትንፋሽ፣ በስምንት ሰከንድ ጨርሼዋለሁ። ቡቡን ክራር ብቻ ብዬ አልፌዋለሁ፤ ቤዝ ክራር መሆኑን እንኳ አልተናገርኩም። ስም አልተጠራም ብለህ ክር ከፍተህ ስም እንዴት እንደሚዋጥ አሳየኸን ብሎ ጨረሰ።

21ኛዋ ተከላከለችልኝ፤ አዘጋጁ አስተዋወቀ እንጂ አልበደለም አለች። 22ኛው የክራር አስተማሪው በአሜሪካዊቷ ቀንቶ ነው የሚል ነገር ጻፈ። እርሱም በ23ኛው ወዲያው መለሰ፤ ለእርሷ ያለውን አክብሮት ገልጾ፣ ቫዮሊኗን ከማሲንቆ ጋር ለማግባባት ዓመታት የደከመች ሙዚቀኛ መሆኗን፣ ጥያቄው ስለ እርሷ ሳይሆን ስለ ማይኩ መሆኑን አስረዳ። ቃሉ ስለታም ነበር፤ ነገር ግን እውነቱን ነው።

በ24ኛው መልስ ከመስጠቴ በፊት ቅጂውን ከፍቼ እኔም ሰዓት ያዝኩ። ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አራት ሰከንድ፤ ስምንት ሰከንድ። አጥፍቻለሁ ብዬ ጻፍኩ። ለምን እንደሆነም አሰብኩበት። ስለ ኬት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ብዙ ነገር ስላለ ሳልደክም አገኘሁት፤ ስለ ሌሎቹ ለማወቅ ሰው መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅሁም። በሚቀጥለው እሑድ ከእንድሪስ ማሲንቆ እጀምራለሁ፤ አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ካላት መሣሪያ ያ ሁሉ ድምፅ እንዴት እንደሚወጣ እናገራለሁ፤ የሰላምነሽን የጎንደር የአዝማሪ ቤተሰብ አነሳለሁ፤ ቡቡንና ምሳሌን ደግሞ በየራሳቸው ጊዜ አስተዋውቃለሁ ብዬ ጻፍኩ። አደረግሁትም።

25ኛዋ ስለ ገንዘብ አነሳች፤ በሙያዋ ከቅጂ መብት ጋር የምትሠራ ናት። ስም መጥራት ክብር ብቻ አይደለም፣ እንጀራም ነው አለች። በአሜሪካ ሕግ አንድ ሙዚቃ በኤፍ ኤም ሲተላለፍ የሚከፈለው ለግጥምና ለዜማ ባለቤቶች ነው፤ ለተጫዋቾቹ ምንም አይከፈልም። ያው ሙዚቃ በኢንተርኔት ሬዲዮ ሲተላለፍ ግን ክፍያ አለ፤ ሳውንድኤክስቼንጅ የተባለው ድርጅት ይሰበስበዋል። ከመቶ ሃምሳው ለቅጂው ባለቤት፣ አርባ አምስቱ በስሙ ለታወቀው አርቲስት፣ አምስቱ ከኋላ ለሚያጅቡት ነው። ስለዚህ የባንዱን ስም፣ የአልበሙን ስም፣ የሙዚቃውን ርዕስ በጣቢያው መዝገብ አስተካክዬ እንድሞላ አሳሰበችኝ፤ ስሙ ተሳስቶ ከተጻፈ ገንዘቡ ባለቤቱን አያገኘውም። መዝገቡን ሄጄ አየሁት። የባንዱን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሁለት ቦታ በሁለት ዓይነት ጽፌው ነበር፤ አረምኩት።

26ኛው ከአዲስ አበባ የጻፈ ጠበቃ ነው። በእኛም አገር የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው 872/2007 መኖራቸውን፣ የከዋኞች፣ ማለትም የዘፋኞችና የተጫዋቾች መብት እዚያ ውስጥ መጻፉን አስታወሰ። 27ኛው ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የእንጀራ ዋጋ ስንት እንደገባ ጠየቀ። አልፌዋለሁ።

28ኛው ስለ ፈንድቃ ጠየቀ። ቤቱ አዝማሪ ቤት ሆኖ ጀምሮ በተወዛዋዡ በመላኩ በላይ እጅ የባህል ማዕከል የሆነ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ካዛንቺስ ሲፈርስ አብሮ የፈረሰ ነው። እንግዲህ አዲስ ባንድ የት ነው የሚጫወት፣ ማንስ የት ሄዶ ይስማው አለ። 29ኛዋ የጣይቱ ሆቴሉን የሙዚቃ ቤት ጃዛምባን ጨመረች፤ በጥር 2007 ዓ.ም. በቃጠሎ የወደመውን። እዚያ በገባችበት የመጨረሻ ምሽት ወንበር ጠፍቶ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እንደሰማች ጻፈች። ለእነዚህ ሁለት መልሶች ማንም መልስ አልሰጠም፤ እኔም ምን እንደምል አላወቅሁም።

30ኛው ነገሩን ወደ ጭቅጭቅ መለሰው፤ ማሲንቆና ክራር ኤሌክትሪክ ላይ ከተሰኩ ባህላቸው ጠፋ ማለት ነው አለ። የክራር አስተማሪው በ31ኛው ረጅም መልስ ጻፈ። ድሮ በጅማት ይወጠር የነበረው ክራር ዛሬ በናይለንና በሽቦ ይወጠራል፤ ያኔ ባህል ጠፋ ብሎ ያለቀሰ የለም። የባቲ ቅኝት በኤሌክትሪክ ፔዳልም ባቲ ነው፤ አንቺ ሆዬም እንዲሁ፤ ቅኝቱን የሚያበላሽ ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ያላወቀ ጣት ነው። በዚህ ከልቤ እስማማለሁ። መኪናዬ ውስጥ ደረቴን የነካኝ ያው ክራር ነው፤ አያቶቻችን ከሰሙት ይልቅ ከፍ ብሎ መጣ እንጂ።

32ኛው የመጣው ትናንት ማታ ነው፤ ያ በ6ኛው የተቆጣኝ የአዲስ አበባ ሰው። ሁለቱንም እሑድ አዳምጧል። ይቅርታ አልጠየቀም፤ እኔም አልጠበቅሁም። በሁለተኛው እሑድ ቡቡን ቤዝ ክራር ብዬ ስጠራ መስማቱን ብቻ ጠቅሶ አንድ ፋይል ላከ። አምስት ልጆች ናቸው፤ አልበም የላቸውም። የሚለማመዱት ከመካከላቸው የአንዱ አጎት ጋራዥ ውስጥ ነው፤ የተቀረጸው በስልክ ነው፤ መሐል ላይ መኪና ሲያልፍ ይሰማል። ዘጠኝ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ስማቸውን ከነአባታቸው፣ የያዙትን መሣሪያ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በቆሙበት ተራ ጽፎልኛል። አንዷ ስሟ ሲጠራ የት ላይ እንደሚጠብቅ በቅንፍ አስቀምጧል።

ፋይሉን አራት ጊዜ ሰማሁት። እሑድ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40 ላይ፣ ሳልቆርጥ፣ መኪናውም ሳይወጣ አጫውተዋለሁ። የልጆቹን ስም እዚህ አልጻፍኩም፤ መጀመሪያ በሬዲዮ ይጠራ ብዬ ነው።